«ጭምት ልጅ» የሚለው ምስጋና ይቅርብን

በደብረ ኤልያስ ገጠርም ይሁን በደብረ ማርቆስ ከተማ አንድ ልጅ በቅድሚያ የሚመሰገነው ባለመናገሩ ነው። «ጭምት ነው፤ ድምፁ አይሰማም፤ የሰጡትን ይበላል፤ የላኩት ይሄዳል» ሲባል እናት ደስ ይላታል፣ አባትም በጎረቤት ፊት ቀና ይላል። ትልቅ ሰው ሲያወራ ጣልቃ የሚገባው ደግሞ «አሳዳጊ የበደለው» ይባላል። ይህ አስተዳደግ ብዙ ደግ ሰው አፍርቷልና በጅምላ ላጣጥለው አልተነሣሁም። ጠቤ ጭምትነት በአንድ ዓይነት ቤት ውስጥ ከሚሠራው ሥራ ጋር ነው፦ የ11፣ የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ስኳር በሽታ ይዞት በየቀኑ ኢንሱሊን በሚወጋበት ቤት። እዚያ ቤት ጭምትነት ልጁን ሊገድለው ይችላል፤ እኛ ግን አሁንም እየመረቅነው ነው።

ነገሩ ከበሽታው ጠባይ ይጀምራል። በልጆች ላይ የሚታየው በአብዛኛው ዓይነት አንድ የሚባለው ነው። ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ያቆማል፤ ልጁ እየበላ ይከሳል፣ ውኃ አይጠግብም፣ ሌሊት ለሽንት ይመላለሳል። በብዙ ቤት መጀመሪያ ምች ነው፣ ወስፋት ነው፣ ቡዳ ነው ይባላል። ጣፋጭ በመብላት የመጣ አይደለም፤ ጣፋጭ በመተውም አይድንም። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት የዚህ በሽታ ፍጻሜ ሞት ነበር። በጥር 1914 ዓ.ም. በካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ ኢንሱሊን በመርፌ የተሰጠው የመጀመሪያው ሕመምተኛ ሌናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን ያገኙ ልጆች መኖር ጀመሩ፤ ሥራው ግን ከሐኪም ቤት ወደ ቤተሰብ ዞረ። ሐኪም ልጁን የሚያየው በቀጠሮ ቀን ብቻ ነው። በቀረው ቀን ሁሉ ስንት ዩኒት ይወጋ፣ መቼ ይብላ፣ ከብት ሊጠብቅ ሲወጣ ምን ይቋጥር የሚለውን የሚወስኑት እናት፣ አባትና ልጁ ራሱ ናቸው።

እስቲ የአንድን የገጠር ልጅ ውሎ እናስበው። ጠዋት መርፌውን ተወግቶ፣ ቁርስ ቀማምሶ ወይም ሳይቀምስ ከብት ነድቶ ይወጣል፤ አለዚያም ረጅም መንገድ በእግሩ ሄዶ ትምህርት ቤት ይደርሳል። ሰውነት ሲሠራ ስኳር ይወርዳል፤ የተወጋው ኢንሱሊንም ሥራውን አያቆምም። ረፋዱ ላይ ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ድንገተኛ ረኃብ ይሞረሙረዋል፣ ዓይኑ ይጭበረበርበታል። ይህን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ቢጠጣ ወይም ማር ቢልስ ብዙውን ጊዜ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይመለሳል፤ ዝም ካለ ግን ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ልጆች ክንዳቸው ላይ የምትለጠፍ ትንሽ መሣሪያ አለቻቸው፤ በየጥቂት ደቂቃው የስኳራቸውን መጠን እናታቸው ስልክ ላይ ታሳያለች። በእኛ ገጠር ግን የስኳር መለኪያ ስትሪፕ የተገኘ ዕለት ተመስገን ነው። እንግዲህ ከቀጠሮ እስከ ቀጠሮ መለኪያችን ምንድን ነው? የልጁ አንደበት ነው።

የክርክሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። «ከልጅ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚለው አስተሳሰብ ነገሩን ገልብጦ ያየዋል። መሣሪያ በሞላበት ቤት ልጁ ዝም ቢል ማሽኑ ይናገርለታል። መሣሪያ በሌለበት ቤት ልጁ ዝም ካለ ወላጅ ምንም አያውቅም። ስለዚህ መነጋገር ይበልጥ የሚያስፈልገው ለድኻው ቤት ነው፤ ለባለጸጋው ቢቀርበት እንኳ ሌላ መላ አለው።

ይህን አንደበት ደግሞ የምንዘጋው ራሳችን ነን። በቀጠሮ ቀን ስኳሩ 300 ወይም 400 ይወጣል። እናት ደንግጣ «አንተ ልጅ፣ ምን ሰርቀህ በላህ?» ትላለች። ነርሷም አብራ ትቆጣለች። ወደ ቤት ሲመለሱ «ለአባትህ ባልነግርልህ!» ይከተላል። ልጁ ከዚህ ሁሉ ስለ ስኳር የሚማረው ነገር የለም፤ የሚማረው እውነት ዱላ እንደምታመጣ ነው። በሚቀጥለው ሰርግ ለስላሳ ቢጠጣ አይናገርም። መርፌ ያለፈው ቀን «ተወግቻለሁ» ይላል። ቤት ውስጥ መለኪያ ካለም ደብተሩ ላይ የሚያስመሰግን ቁጥር ፈጥሮ ይጽፋል። ሐኪሙ ይህን ይዞ ያሰላል፦ ልጁ እየተወጋ ስኳሩ ካልወረደ መድኃኒቱ አንሶታል ማለት ነው፣ ይጨመርለት። ልጁ የተጨመረውን መጠን በእውነት በወጋ ዕለት ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ይጥለዋል። በክፋት የዋሸ የለም፣ በክፋት የተቆጣም የለም፤ ግን ከቁጣው ወደ ውሸቱ፣ ከውሸቱ ወደ መውደቁ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው።

ከዚህም የሚብሰው ቁጣው ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋት መምጣቱ ነው። የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ጉርምስና የጀመሩ ልጆች ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ከሕፃናቱም ከአዋቂዎቹም ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። ልጅ ሲመዘዝ ሰውነቱ የሚያመነጨው የዕድገት ሆርሞን ኢንሱሊንን ይገዳደራል። አምና የበቃው መጠን ዘንድሮ ድምፁ መጎርነን ሲጀምር ላይበቃው ይችላል፤ ልጅቷም እንዲሁ። በዚህ ላይ ጉንፋን ስኳር ያወጣል። ሙቀት የመታው ኢንሱሊን ኃይሉን ያጣል፤ የደብረ ኤልያስ ወረዳ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል በሚወርድበት በኩል ላለ ቤተሰብ ይህ ቀላል ጭንቀት አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ደጋግሞ መውጋትም ሥጋውን ያደድረውና መድኃኒቱ እንደሚገባ አይሰርግም። ሰርቆ መብላት ከእነዚህ ሁሉ ምክንያቶች አንዱ ብቻ ሆኖ ሳለ እኛ መጀመሪያ የምንከሰው ልጁን ነው። ባላጠፋው ከስሰነው ስናበቃ ያጠፋ ዕለት መጥቶ እንዲነግረን መጠበቅ የዋህነት ነው።

«እኔ ልጄን አውቀዋለሁ፤ እጠይቀዋለሁ፣ እቆጣጠረዋለሁ» የሚል ወላጅ ይኖራል። ሆካን ስታቲንና ማርጋሬት ኬር የተባሉ ተመራማሪዎች ስዊድን ውስጥ 703 የ14 ዓመት ልጆችንና ወላጆቻቸውን ጠይቀው በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይህን እምነት ክፉኛ ያናጋዋል። ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ውሎ የሚያውቁት በአብዛኛው ልጆቹ ወደው የነገሯቸውን ነበር፤ በምርመራና በቁጥጥር የተገኘው ጥቂት ነው። ጥናቱ ስለ ስኳር በሽታ አልነበረም፣ ግን ለእኛ ገጠር ይበልጥ ይሠራል። ልጁ ገና በጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል። ተራራው ላይ ማን ተከትሎ ይቆጣጠረዋል? ከደጅ የሚመጣው ወሬ ሁሉ በእሱ አፍ የሚመጣ ነው፤ ያንን አፍ በፍርሃት ዘግቶ «አውቀዋለሁ» ማለት ራስን ማታለል ነው።

የዚህ ልጅን ዝም የማሰኘት አስተሳሰብ ሁለተኛ ፊት ደግሞ ከመጀመሪያው ፈጽሞ የተለየ ይመስላል። ልጁ 12 ዓመት ሲሞላው «አሁንማ አድጓል፤ ራሱን ችሏል» ይባላል። ከብት ይጠብቃል፣ እርፍ መጨበጥ ይለማመዳል፤ እኅቱም ትጋግራለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ታናናሾቿን ታዝላለች። መርፌ መውጋት ምን ያቅታቸዋል? ምንም አያቅታቸውም፤ እጅ ቶሎ ይለምዳል። የሚያቅታቸው ከዓመታት በኋላ የሚመጣን ጉዳት እያሰቡ ዛሬ የሚያሳፍራቸውን ነገር በየቀኑ ማድረግ ነው። ዓይንና ኩላሊት የሚጎዱት ቀስ ብሎ ነው፤ ጓደኛ የሚስቀው ግን አሁን ነው። በዚያ ዕድሜ የትኛው እንደሚያሸንፍ ሁላችንም እናውቃለን። ቲም ዋይሶኪና ባልደረቦቹ በ1996 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ከብስለታቸው በላይ ኃላፊነት የተጣለባቸው ልጆች ሕክምናቸውን የመከተል ነገር እንደሚላላና ስኳራቸውም እንደሚበላሽ አሳይቷል። በቦስተን በሚገኘው የጆስሊን የስኳር ሕክምና ማዕከል ባርባራ አንደርሰንና ባልደረቦቿ ከ10 እስከ 15 ዓመት የሆኑ 85 ልጆችን ለሁለት ዓመት ተከታትለው በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ደግሞ መፍትሔውን ይጠቁማል። ወላጅና ልጅ ሥራውን ተካፍለው እንዲሠሩ በየቀጠሮው አጭር ምክር የተሰጣቸው ቤተሰቦች ዘንድ የወላጅ እጅ አልላላም፤ ጠብም አልበዛም። «ልጁን ካልተውነው ይጣላናል» የሚለው ሥጋት በዚህ ጥናት ውድቅ ሆኗል።

ዝም አሰኝቶ ማዘዝና «አድገሃል» ብሎ መተው ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ የጎደላቸው አንድ ነገር ነው። በመጀመሪያው ወላጅ ብቻ ይናገራል፤ በሁለተኛው ማንም አይናገርም። ያው ጭምት ልጅ፣ በ10 ዓመቱ ሲታዘዝ የተመሰገነው፣ በ13 ዓመቱ ብቻውን ችሎ ሲሸሽግ ይመሰገናል።

አሁን የተቃዋሚዬን ጠንካራ ክርክር ልስማ። «ኢንሱሊን በጠፋበት አገር ስለ ንግግር ታወራለህ?» ይለኛል። እውነት አለው። በጎንደር ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ዲያቤቶሎጂያ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ እንደጻፉት፣ በገጠር ያለው ኢንሱሊን የሚጠይቅ ስኳር በሽታ ከድህነትና ከምግብ እጥረት ጋር የተቆራኘ ነው፤ «የሀብታም በሽታ» የሚለው ወሬ እዚያ ላይ ያበቃል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮ ያልፋል፣ መድኃኒት ይቋረጣል። በትግራዩ ጦርነት የመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ኢንሱሊን አለቀብን ብለው ለዓለም ያሰሙት ጩኸትም አይረሳም። ንግግር ኢንሱሊንን አይተካም። መድኃኒት ያጣን ቤተሰብ «ተነጋገሩ» ብሎ የሚያሰናብት ካለ እኔም አብሬ እቃወመዋለሁ።

ሆኖም እጥረቱ ራሱ ንግግርን የግድ ያደርገዋል እንጂ አያስቀረውም። አንድ የኢንሱሊን ብልቃጥ 1000 ዩኒት ይይዛል። በቀን 40 ዩኒት የታዘዘለት ልጅ በ25 ቀን ይጨርሰዋል። በ25ኛው ቀን ብልቃጡ ግማሽ ከሆነ ከታዘዘው ግማሹ አልተወጋም ማለት ነው። ለምን? እዚህ ላይ ነው ጭምቱ ልጅ ልብ የሚሰብረው። አባቱ ለመጓጓዣና ለመድኃኒት በግ ሲሸጥ አይቷል፤ እናቱ ለእሱ ስትል ከጎረቤት ስትበደር ሰምቷል። ማንም ሳያዘው፣ ለማንም ሳይናገር፣ ብልቃጡ እንዲበረክት በግማሽ መውጋት ይጀምራል። ደግነት ነው፤ ያውም የተመሰገነበት ዓይነት ደግነት። ደሙ ግን ደግነቱን አያውቅለትም። ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት ስብ እያቃጠለ ደሙን በአሲድ ይመርዘዋል፤ ሐኪሞች ኬቶአሲዶሲስ የሚሉት ይህ ነው። ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ትንፋሽ መፍጠን ይከተላል፤ በጊዜ ካልተደረሰለት ይገድላል። በምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም ሆስፒታሎች በሚታከሙ ልጆች ላይ ተሠርቶ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ለዚህ አደጋ ከሚያጋልጡት ነገሮች መካከል የታዘዘውን ሕክምና በአግባቡ አለመከተልን አንሥቷል። ታሞ ምግብ እምቢ ያለውን ልጅ «ስላልበላ አይወጋ» ማለትም በየቤቱ ያለ፣ ለዚሁ አደጋ የሚዳርግ ስሕተት ነው፤ እንዲያ ሲሆን መድኃኒቱን ማቆም ሳይሆን ፈጥኖ ጤና ባለሙያ መጠየቅ ይገባል። ወላጅ «መድኃኒቱ እያለቀ ነው» ብሎ ለልጁ ቢነግረው፣ ልጁም «በግማሽ እየወጋሁ ነው» ብሎ ለወላጁ ቢነግር፣ ቀኑ ሳይመሽ ጤና ጣቢያ የሚደርስ ወሬ ይኖር ነበር። እጥረትን በዝምታ የሚካፈል ቤት እጥረቱ በቁጥር ከሚያሳየው በላይ ይጎዳል።

ሌላው ክርክር የምስጢር ነው። «ወሬው ከወጣ ልጄን ማን ያገባታል? ‹በሽተኛ› እያሉ ያገሏታል» ይላሉ ወላጆች። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም፤ ምስጢር ጠብቀው ረጅም ዕድሜ የኖሩ ሰዎችም አሉ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት የቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ ልጅ ኤልሳቤጥ በ11 ዓመቷ ስኳር ያዛት፤ በ1922 እ.ኤ.አ. 15 ዓመት ሊሞላት ቀናት ሲቀሯት ኢንሱሊን አገኘች፤ እስከ 1981 ኖረች። ሕመሟን ከውጭ ሰው ዕድሜዋን ሙሉ ደብቃለች። ነገር ግን ለሕክምና ቶሮንቶ ሳለች ስለምትበላው፣ ስለ ክብደቷና ስለ መርፌዋ ለእናቷ በደብዳቤ ዘርዝራ ትጽፍ ነበር። ምስጢሩ ከቤት ውጭ ላለው ዓለም ነበር፤ ቤት ውስጥ ምስጢር አልነበረም። እኛ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ስንል በገዛ ቤታችን ውስጥ ነገሩ አይነሣም፤ ልጅቷም መርፌዋን ጓዳ ተሸሽጋ ትወጋለች፣ የሰው ድምፅ በሰማች ቁጥር ታሳልፈዋለች። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው። ቢያንስ አንድ መምህር፣ አንድ የከብት ጥበቃ ጓደኛና አንድ ጎረቤት ሊያውቁ ይገባል፤ ሜዳ ላይ የወደቀን ልጅ ሰክሯል ወይም ዛር ይዞታል ብሎ የሚያልፈውና ማር የሚያልሰው ሰው ልዩነታቸው ማወቅ ነውና።

የሃይማኖት ነገርም አለ። 13 ዓመት የሞላት ልጅ እኩዮቿ ሲጾሙ እሷ መብላት ያሳፍራታል፤ ጠዋት ተወግታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለች፣ ለማንም አትናገርም። ይህ ጽድቅ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ሕሙምን አስጨንቃ አታስጾምም። ግን ልጅቷ ይህን ከማን ትስማው? እናት የንስሐ አባትን ወደ ቤት ጠርታ፣ ልጅቷ ራሷ ሕመሟን አስረድታ፣ ፈቃዱን ከአባ አፍ ብትሰማ ኀፍረቷ በአንድ ቀን ይቀልላታል። ጸበልም እንዲሁ ነው። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ሲናገሩ ብዙ ሰው ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥ ጭንቀት ወጥቷል። ለኢንሱሊንም ያንኑ ቃል የሚደግም ካህን በየደብሩ ያስፈልገናል። ኢንሱሊን አቋርጦ ጸበል የገባ ልጅ ለመሞት ብዙ ቀን አይፈጅበትም።

«ይህ ሁሉ የእኛ ወግ አይደለም» ለሚለኝ ሰው መልሴ ከዚያው ከደብረ ኤልያስ ነው። ደራሲ ሀዲስ ዓለማየሁን ካስተማሩት የቅኔ አገሮች አንዱ እዚያ ነው። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ከሰው ተለይቶ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል። ቅኔው ይሰበራል፣ ምስጢሩ ይጎድላል፤ የኔታ ሰምተው ያቃናሉ፤ ተማሪው በማግስቱ ደግሞ ይመጣል። ስሕተቱን ፈርቶ የሚቀር ተማሪ ቅኔ አያውቅም። ወጋችን ልጅ በታላቁ ፊት አፉን ከፍቶ ስሕተቱን እንዲያቀርብ፣ ታላቁም በትዕግሥት ሰምቶ እንዲያርም ያውቅበታል ማለት ነው፤ ከትውልድ ትውልድ ሲያደርገው ኖሯል። ለግእዝ ቃል ያዋልነውን ትዕግሥት ለልጆቻችን ደም ብናውለው ማን ይከስሰናል? በነገራችን ላይ ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ቁራሽ ለምኖ የሚማር የቆሎ ተማሪ ስኳር ቢይዘው ወላጁ የኔታ ናቸው፤ ሊነግራቸው የሚችለው እንደማይቆጡት ካወቀ ብቻ ነው። ምሳሌያዊ አነጋገራችንም ቢሆን ለአንድ ወገን ብቻ አልተሰጠም፤ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ያለው ሕዝብ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሏል።

«እንዲህ ከሆነማ ልጁ ሞልቃቃ ይሆናል» የሚለው የመጨረሻው ሥጋት ነው። እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። መወጋትና አለመወጋት ለድርድር አይቀርብም፤ በዚህ ላይ ወላጅ እንደ ቀድሞው ይዘዝ፣ ልጅም ይታዘዝ። ከቅጣት ነፃ መሆን ያለበት መናገሩ ነው። «ለስላሳ ጠጣሁ»፣ «መርፌው አለፈኝ»፣ «መወጋት ሰለቸኝ» ያለ ልጅ ስለተናገረ አይመታ፣ አይሰደብ፣ ለእንግዳ መሳቂያ አይደረግ። ማታ እራት ሲቀርብ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ተወጋህ? ምን በላህ? ሰውነትህ ዛሬ ምን አለህ? ሦስተኛው ከሁለቱ ይበልጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ልጁን እንደ ተጠያቂ፣ ሦስተኛው እንደ አዋቂ ያዩታልና። መርፌውንም ልጁ ራሱ ይውጋ፤ ነገር ግን 15 ወይም 16 ዓመት እስኪሞላው ድረስ አንድ ትልቅ ሰው በየቀኑ መጠኑን ይይ።

የጤና ባለሙያዎችም ድርሻ አላቸው። በብዙ የክትትል ክፍል ውስጥ ጥያቄው ለእናት ይቀርባል፣ መልሱን እናት ትሰጣለች፣ ልጁ ወለሉን ሲያይ ቆይቶ ይወጣል። ነርሷ ሁለት ደቂቃ ለልጁ ብትሰጠውና ቁጥሩን አይታ «ምን ሆነህ ነው?» ከማለት «ይህ ቁጥር ምን ይነግረናል?» ብትል፣ በዚያች ቅጽበት እናቲቱንም አስተምራለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲሄዱም ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ክትባት የሚጠይቁትን ያህል፣ እዚህ ቤት የሚወጋው ልጅ ለማን እንደሚናገር ይጠይቁ።

ከሁሉም የሚከብደው የአባት ድርሻ ነው። በአብዛኛው ቤት ስኳሩ የእናት ሥራ ነው፤ አባት የሚገባበት ማስፈራሪያ ሆኖ ነው። «ለአባትህ እነግራለሁ» የሚለው ዛቻ የሚሠራው አባት ስለማይሰማ፣ ሰምቶም ስለሚመታ ነው። ይህን ዛቻ ከንቱ ማድረግ የሚችል አባት ብቻ ነው፤ እሱም ልጁ ቀድሞ መጥቶ የሚነግረው ሰው በመሆን። ልጁ «አባዬ፣ ዛሬ ጠዋት አልተወጋሁም» ሲለው «ደግ አደረግህ ነገርከኝ» ይበልና ከዚያ ምን እንደሚሻል አብረው ይወስኑ፤ ካላወቁ ደውለው ይጠይቁ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፣ መንገድ ቢዘጋም አይቋረጥም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ማለት ከክብሬ ያንሳል የሚል አባት ካለ፣ ልጁ የደበቀውን ሌላ ሰው፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ እንግዳ፣ በድንገተኛ ክፍል በር ላይ ሲነግረው «ለምን አልነገረኝም?» ብሎ የመጠየቅ መብት የለውም።